አንድ ጠርሙስ ጭማቂ

ሰውየው የተገኘው ዓሣ ኩሬው ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የፋብሪካው አትክልተኛ ለዓሦቹ ምግባቸውን ሊበትን ሲመጣ አንዳቸውም ወደ እሱ አልዋኙም። ሁሉም ማዶ፣ ቄጠማው ሥር ተሰብስበው ነበር። ምን አግኝተው ነው ብሎ ሲጠጋ መጀመሪያ ያየው ጫማ ነው። ቀጥሎ ያየውን ለእኔ ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ ወደ አጥሩ ዞሮ አስመለሰው። ዓሦቹ ቁርሳቸውን ጀምረው ነበር።

እኔ ስደርስ አስከሬኑን ሣሩ ላይ አጋድመውታል። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮት እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ትልቅ ቁስል አለ። አንገቱ ላይ ያለው መታወቂያ የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል አለበት። ይቺን ቅጠል የማያውቃት የለም፤ ከሸሚዝ ኮሌታ ሥር የምትሰፋዋ ናት። «ይህ ልብስ ሲሠራ ወንዝ አልተመረዘም፣ ሠራተኛም አልተበደለም» ማለት ነው ይላሉ። ሟቹ ቅጠሏ ከመሰጠቷ በፊት ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ የሚያይ ተቆጣጣሪ ነበር። አዲሱ የፖሊስ ደንብ ልብሳችን የተሰፋው እዚሁ ፋብሪካ ስለሆነ እኔም ቅጠሏን አንገቴ ሥር ተሸክሜ ነው የቆምኩት። ከለበስኳት ጀምሮ ታሳክከኛለች።

ጣቢያ ውስጥ «አፍንጮ» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊቴ ኢንስፔክተር ይሉኛል፣ ዞር ስል አፍንጮ። አፍንጫዬ ትልቅ ነው፣ አልክድም፤ ግን ያየሁትን ስረሳ ያሸተትኩትን ስለማልረሳ ጭምር ነው። ኩሬው ምንም አይሸትም ነበር። ከፋብሪካው ማጣሪያ የወጣ ውሃ ነው፣ ዓሣ ይኖርበታል ብለው ለእንግዳ የሚያሳዩት እሱን ነው። ከኋላው ካለው ከፍ ያለ ግንብ ማዶ ግን እንደ ገማ እንቁላልና እንደ ጋለ ብረት ያለ ሽታ ይመጣል። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት። ጤዛ ጫማውን እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ መጥቶ ነፋስ ከሩቅ ያመጣው ነው አለኝ። ነፋስ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀን። ተቆጣጣሪው ትናንት ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ጉብኝቱን ማካሄዱን፣ በመዝጊያው ስብሰባ ላይ «በርቱ» ብሏቸው መለያየታቸውን ነገረን። ለምስክርነትም የሟቹን ሪፖርት አወጣ። ያው ትናንት ተሠርቶ ዛሬ ጠዋት ከማረጋገጫ ቢሮው የተላከ ነው፤ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ ውሃው ንጹሕ፣ ሠራተኛው ደስተኛ፣ ከሥር የሟቹ ፊርማ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ በከተማው ትልቁ ሆቴል ሽልማት ላይ ነበር፤ የማረጋገጫ ቢሮው ዋና ኃላፊም እዚያው። መቶ ሰው አይቷቸዋል።

ከዚያ የዘበኛው ዱላ ከኩሬው ዳር ተገኘ። የቀን ዘበኛው ደግሞ ትናንት ጠዋት ሟቹን በር ላይ ከልክሎ ተጓትተው እንደነበር ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ በወንዙ ዳር ብቻውን በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ያየው ሰው የለም። አዛዣችን በሥራ አስኪያጁ መኪና መጥቶ፣ ኩሬውን ሁለት ደቂቃ አይቶ፣ ነገሩ ግልጽ ነው አለ። ሽማግሌው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ፊት እንዲቀርብ አዘዘኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ገና ያኔ ትዝ አለኝ፤ ግን አልተናገርኩም።

*

ዘበኛውን ሠራተኞቹ «አባ በሩ» ይሏቸዋል። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት። ጠዋት ያለ ቀጠሮ የመጣን ሰው አታስገባ ስለተባልኩ ከለከልኩ፣ እሱም ጎተተኝ እኔም ጎተትኩት፣ ኋላ ከውስጥ ተደውሎ አስገቡት ተባልኩና አስገባሁት አሉኝ። ዱላቸውን ወደ ቤት ሲሄዱ በር ላይ ካለችው ክፍል እንደሚተዉት ጨመሩ። ሌላ ነገር ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፈቱና በበሩ ቀዳዳ አዛዡን አዩት። መልሰው ዘጉት።

«ቦርሳዬን ብቻ ስጡኝ፣ ልጄ» አሉ።

የዕቃ ክፍሉ ሰው ከውጭ ሆኖ፣ አባባ እዚህ ሆቴል አይደለም አላቸው። ይኸው ሰው እኔ ፊት ጣታቸውን ቀለም አስነክሮ ቅጽ ላይ አሳተማቸው። ቀጥሎ ቅጹን ለእኔ ዘረጋልኝ፤ ከእስረኛው የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝር ነበር፤ ሻይ ልጠጣ እየወጣሁ ነው ቶሎ ፈርሚልኝ አለኝ። ፈረምኩ።

ጣቢያው በር ላይ ሴት ልጃቸው ቆማ ነበር። እሷም እዚያው ፋብሪካ ኮሌታ ሰፊ ናት፤ ማለትም ነበረች፤ አባቷ በተያዙ በሰዓቱ ከሥራ አሰናብተዋታል። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቷ ሞታ አባትና ልጅ ብቻ እንደቀሩ ነገረችኝ። አላለቀሰችም።

«አባቴ ሰው ገድለው ወጥተው ቤት ገብተው ከእኔ ጋር ሻይ አይጠጡም» አለች። «ነገ ከሰደዳችኋቸው በሕይወት አላገኛቸውም፣ እትዬ። ደረታቸው ደካማ ነው።»

*

የማረጋገጫ ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ሙሉ ፎቶ ነው፤ ጥጥ የታቀፉ ልጃገረዶች፣ ንጹሕ ወንዝ፣ ጥርስ በጥርስ የሆኑ ሸማኔዎች። ዋና ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ጸጉር፣ ደግ ፊት። ሽቶ ተቀብቷል፤ ከሽቶው ሥር ግን በረኪና ሸተተኝ። ወለል ጠርገው ይሆናል አልኩ።

ስለ ሟቹ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከትምህርት ቤት እንደወጣ የቀጠረው እሱ ነው፤ ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው፤ ልጄ ማለት ነበር አለኝ። ፋብሪካውን በተመለከተ ግን፣ ከዓመት በላይ እግሩ እዚያ ግቢ እንዳልረገጠ፣ ኃላፊ መስክ ከወጣ የተቆጣጣሪ ነፃነት ይነካል ብሎ እንደሚያምን አብራራልኝ። የሰው ጨዋ ነው። እያወራን ጸሐፊዋ አራት ጊዜ ገባች፤ አራቱንም ጊዜ የወረቀት ክምር አስቀመጠች፤ እሱም ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ፈረመ። ፊርማው ረጅም ጭራ አለው፤ እንደ ሸሸ አይጥ። እኔም ቃሉን የጻፍኩበትን ወረቀት ዘረጋሁለት። እሱንም ሳያነብ ፈረመው።

ጥፍሮቹ እስከ ሥጋው ድረስ ተቆርጠው ነበር። አየሁት፤ ግን አለቃ ሰው ጥፍሩን ቢቆርጥ ምን ይገርማል ብዬ ወረድኩ።

*

ከሰዓት በኋላ የሟቹን ሚስት በአስከሬን ክፍሉ በር ላይ አገኘኋት። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የጠመኔ ብናኝ ገና እጅጌዋ ላይ ነው። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ የሞተበትን ሰዓት ቆርጦ መናገር አልቻለም፤ ከረፋድ እስከ ማታ ብሎ አስፍቶታል። የቆዳውን መቅላት የሰጠመ ሰው ነገር ነው ብሎ አልፎታል። ልብሱን በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጧት። ኮቱን አወቀች፤ ሱሪውን አወቀች፤ ከዚያ ከውስጥ ካናቴራውን አወጣችና መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ የእሱ አይደለም።»

ካናቴራው ቀይ ነበር። ደማቅ ቀይ አይደለም፤ የበሰለ ወይን ይመስላል። የደም ይሆናል አልኳት፤ የቁስሉ።

«ባሌ ከነጭ ሌላ ካናቴራ ለብሶ አያውቅም» አለች። «ቀለም የነካው ነገር ሥጋው ላይ አያደርግም። ምን እንደሚከቱበት አውቃለሁ ይለኛል።» መልሳ አውጥታ ገለበጠችውና የኮሌታውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። ስፌቱን ራሷ የጠገነችው ነው። የእሱ ነው። ነጩ ካናቴራ ነው ቀይ የሆነው።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ባሏ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠየቅኳት፤ ምክንያቱም ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቧንቧቸው ውሃ እየቀዳ ልጆቹን እንደሚያስተምር ነገረችኝ። ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ እሱ ዘንድ የሚቀር። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ ቦታ፣ ሰዓት፣ ቀለም፤ ከዚያ ሲቀዳ አጠገቡ የቆመውን ሰው ያስፈርማል።

«ማጀት ውስጥ እኔን እንኳ ያስፈርመኝ ነበር» አለች፤ ፈገግ ልትል ነበር፤ አልሆነላትም። «ምስክር ያልፈረመበት ውሃ ዝም ብሎ ውሃ ነው ይላል።»

ከሟቹ ጋር የተገኘ ጠርሙስ አልነበረም። ቦርሳውም አልተገኘም።

*

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካናቴራውን ይዤ ማቅለሚያ ክፍል ገባሁ። ሙቀቱ ፊት ይልጣል። ጋኖቹ የቤት ያህል ናቸው፣ እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ወለሉ ላይ ውሃ በሁሉም ቀለም ይፈስሳል። ሠራተኞቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ጓንት የት አለ ብል አንዷ ሳቀችብኝ። ጓንት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይታደላል፣ ሲሄድ ይሰበሰባል። ይኼን ስትነግረኝ የዝናብ ወቅት መቼ እንደሚገባ የምትነግረኝ ይመስል ነበር። አንገቴን በላኝ።

የክፍሉን አለቃ «ቀስተ ደመና» ይሉታል፤ እጁ በየቀኑ ስለሚለወጥ። ያን ዕለት እስከ ክንዱ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ነበር። ካናቴራውን ከእጁ አጠገብ ያዝኩት። አንድ ናቸው። ከትናንት ወዲያ ተሲያት ላይ የት ነበርክ ብዬ አፋጠጥኩት። አልደነገጠም።

«በእጅ ቀለም ከሆነ የምትይዢው፣ ሰማንያ ሰው ጫኚ» አለኝ። ካናቴራውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ፈተገው፣ ምራቁንም ቀባው። «ቦርዶ ነው። የእኛ ነው። ጥሩ ቀለም ነው፣ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም።»

«ከቆዳስ?»

«ከቆዳ ሳምንት ይወስዳል። የሚቸኩል በበረኪና ይፈትጋል፤ ቆዳውም አብሮ ይሄዳል። እኛ ምን አስቸኮለን?»

በረኪና። የዋና ኃላፊው ሽቶ ትዝ አለኝ። ወዲያው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ አሳየኝ፤ የቀኑ የቀለም ተራ የሚጻፍበት ነው። የዛሬው አልተጻፈም፤ የትናንቱና የከትናንት ወዲያው ገና አልጠፉም። ሟቹ በሞተበት ቀን፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ቦርዶ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጥቁር። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦርዶ የለም።

አንድን ጋን ሲጨርሱ ውሃው የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። ቀስተ ደመና ዙሪያውን አየና በኋላው በር አወጣኝ።

ከግንቡ ጀርባ አንድ የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ፤ ደረት ድረስ የሚጠልቅ፣ ጠርዙ ስለት ያለው። ክንድ የሚያህል ቧንቧ ወደ እሱ ይተፋል፤ እሱ ደግሞ በቦይ ወደ ወንዙ። ያሸተትኩት ይኼ ነው። ቀስተ ደመና እንደነገረኝ፣ ማጣሪያው እንግዳ በሚመጣበት ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ ያኔ ይኼ ይዘጋል፤ የዓሣ ኩሬው ግን ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ ንጹሕ ውሃ ነው የሚሞላው። ከጉድጓዱ እስከ ኩሬው በትንሿ የብረት በር በኩል አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ቆጠርኳት። ከታች ወንዙ ዳር ሁለት ሴቶች የልጆቻቸውን ልብስ ያጥባሉ፤ ውሃው ያን ቀን ሰማያዊ ነበር። እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ አስመለሰኝ፤ ከሽታው ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው። ሟቹ የሞተው ማታ አይደለም። ጥቁር ሲፈስስ ቢወድቅ ካናቴራው ይጠቁር ነበር። ቦርዶው ሲፈስስ፣ ማለትም ከስድስት ሰዓት በፊት ነው የሞተው። ያን ሰዓት ደግሞ አባ በሩ ሦስት ሺህ ሰው ፊት በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ፋብሪካውን የጎበኘው ግን አስከሬን ነው።

*

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የማረጋገጫ ቢሮውን ጸሐፊ ሕንፃው በር ላይ ጠበቅኳት። ደረቅ ዳቦ እየበላች ወጣች። የሞተ ሰው እንዴት ሪፖርት ላከ አልኳት። ለአፍታ ምን እንደምጠይቃት አልገባትም፤ እውነቴን ነው።

«እኛ ጋ ሪፖርት ቀድሞ ነው የሚሞላው» አለችኝ። «በቀጠሮው ሰዓት። ተቆጣጣሪዎቹም ዓመቱ ሲጀምር ባዶውን ይፈርማሉ። የጉብኝቱ ማግሥት ፋይሉን አውጥቼ እልካለሁ። ማን መሞቱን ነገረኝና?»

ቀጠሮው ከሰዓት ስለነበር ሪፖርቱም ከሰዓት ይላል። ሟቹ ግን ያን ዕለት ሳይነግራቸው ጠዋት ሄደ፤ ጓንት ሳይታደል፣ ቧንቧው ሳይዘጋ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ዋና ኃላፊው ያን ጠዋት የት ነበሩ ስላት፣ አራት ሰዓት ግድም ስልክ ተደውሎላቸው በሩጫ እንደወጡ፣ የፋብሪካው ጥቁር መስተዋት መኪና መጥቶ እንደወሰዳቸው፣ ሲመለሱ ኮታቸውን እጃቸው ላይ ጥለው እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያም ዳቦዋን ወረቀት ውስጥ መልሳ ከተተች።

አሁን ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ማወቅ ግን ማሳየት አይደለም። በረኪና ማንም ቤት አለ፤ ጥፍር ማንም ይቆርጣል፤ ጸሐፊዋም ነገ ፍርሃት ይዟት ቃሏን ታጥፋለች። አዛዡም ለቀስተ ደመና ሰሌዳ ብሎ ጓደኞቹን አይነካም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ሁለተኛውን ጠርሙስ አሰብኩት። ሟቹ ሁልጊዜ አንዱን ለራሱ የሚያስቀር ሰው ነው። ያን ጠዋት በዚያ ግቢ ውስጥ ማንን ያምን ነበር? ፋብሪካውን ሁሉ አሰብኩና ከትእዛዝ ውጭ አላስገባህም ብሎ ሙግት የገጠመው አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ።

አባ በሩ ሲያስሉ ነው ያደሩት። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

«አባባ፣ ተቆጣጣሪው ጠርሙስ ሰጥቶዎት ነበር?»

የተዘጋውን በር አዩ።

«ከኔ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ወደ አምስት ሰዓት ግድም ነው፤ በር ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ቦርሳዬን ረስቼ መጣሁ፣ ይዤው ልምጣ ብሎ ተመለሰ። እንደገባ ቀረ። አለቃችሁ በእነሱ መኪና ሲመጣ አየሁ፤ ለማን ልናገር? ሦስት ጊዜ ቦርሳዬን ስጡኝ አልኳችሁ።»

ዕቃ ክፍል ድረስ የሮጥኩት ራሴን እየረገምኩ ነው። የዕቃ ክፍሉ ሰው ቅጹን ከመሳቢያው አወጣ። አንድ የጨርቅ ቦርሳ። አንድ መነጽር። አንድ ዳቦ። አንድ ጠርሙስ ጭማቂ። ከሥሩ የሽማግሌው የጣት አሻራ፤ ከዚያ በታች የእኔ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት፣ አምሮበት።

ጭማቂ ብሎ የጻፈው ቀይ ስለሆነ ነው። ወረቀቱን ገልብጦ አላየውም። የእኔስ ምን ይሻላል? አንድ ሰው የሞተለት ነገር እፊቴ ተዘርዝሮ፣ ሻይ ለሚቸኩል ሰው ብዬ ፈረምኩበት። ስለ ቢሮው ሰዎች ስጸየፍ የቆየሁትን ሁሉ እዚያች ዕቃ ክፍል ውስጥ ለራሴ አደረግሁት።

ጠርሙሱ ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ቦታ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ ቧንቧ። ሰዓት፣ አራት ከአርባ። ቀለም፣ ቦርዶ። ሲቀዳ የነበረ ሰው። ከዚያ ጎን ረጅም ጭራ ያለው ፊርማ።

*

አምስት ሰዓት ላይ ጠርሙሱን ዋና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት ሳያነብ የፈረመልኝን ወረቀት ከጎኑ ዘረጋሁት። እግሬ እዚያ ግቢ ከረገጠ ዓመት አልፎታል ይላል፤ ከሥሩ ያቺው ጭራ አለች።

መጀመሪያ ፊርማዬን አስመስለው ነው አለ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ነው አለ፤ የአብዬን ወደ እምዬ። እጅዎን ያሳዩኝ አልኩት። ጠረጴዛው ሥር ደበቀው፤ ጠበቅኩት፤ አወጣው። መዳፉ በበረኪና ተልጦ ቀልቷል፤ ከጥፍሩ ሥር ግን በበረኪናም ያልወጣ ቀጭን ወይን ጠጅ መስመር አለ። ጥሩ ቀለም ነው፤ ቀስተ ደመና አልዋሸም።

«መፈረሜን አላስታውስም ነበር» አለኝ፤ ድምፁ ለስለስ ብሎ። «ወረቀት ሲዘረጋልኝ እፈርማለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።»

ቀሪውን እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በተራ ተረከልኝ። ሥራ አስኪያጁ ቧንቧውን ሊያስዘጋ ሲሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሟቹ አንዱን ጠርሙስ ይዞ ወደ በር ሄዶ ለቦርሳው ተመለሰ። ይኼ ውሃ ቢሮ ሳይሆን ጋዜጣ ነው የሚሄደው አለው። ኃላፊው ለመነው፤ የሦስት ሺህ ሠራተኛ ጉሮሮ ልትዘጋ ነው አለው፤ ማታ የሚቀበለውን ሽልማት ግን አልነገረውም። ቦርሳውን ተናጠቁ፤ ገፋው። ጭንቅላቱ የጉድጓዱን ጠርዝ መትቶ በግንባሩ ቀለሙ ውስጥ ወደቀ።

«ያኔ ቢጎትቱት ይተርፍ ነበር?» አልኩት።

«ይንቀሳቀስ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አልጎተቱትም?»

ወደ እጅጌው አየ። ዛሬም ነጭ ነው የለበሰው።

«ውሃው ቀይ ነበር» አለ። «ማታ መድረክ የምወጣበትን ሸሚዝ ለብሼ ነበር።»

እስኪያበቃ ቆሞ ጠበቀ። ሲያበቃ እጅጌውን ሰብስቦ ጎትቶ አወጣው፤ ሥራ አስኪያጁም ተመልሶ መጥቶ አይቶ ኩሬውንና የዘበኛውን ዱላ አሰበ። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግረው። ካቴናውን ሳጠልቅለት፣ «እጅህን አምጣ» አልኩት። ሽቶው አፍንጫዬ ላይ ለሁለት ቀን ቆየ።

*

ሥራ አስኪያጁን ስምንት ሰዓት ላይ ያዝነው። አዛዡ አኩርፏል፤ በራሱ መኪና ነው የሄደው። ፋብሪካው አልተዘጋም። ማረጋገጫ ቢሮው ደውዬ የቅጠሏን ነገር ስጠይቅ ምክትሉ በትሕትና አስረዳኝ፦ የጉብኝት ሪፖርቱ የተሟላ ስለሆነ የምስክር ወረቀቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይጸናል። ሪፖርቱን ጻፈ የተባለው ሰው ሞቷል አልኩት። ፊርማው ግን አለ አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፤ ኮሌታዬን ገልብጬ በጥፍር መቁረጫ ቅጠሏን በጠስኳት። ለሚስቲቱ የምነግራት ይኼንን ነበር፤ ባልሽ የታመነ ሰው ነበር፣ የሞተበት ወረቀት ግን ይሠራል። ለነገ አሳደርኩት።

አባ በሩን ግን በአሥር ሰዓት ለቀቅናቸው። ልጃቸው ሹራብ ይዛ በር ላይ ቆማለች። የዕቃ ክፍሉ ሰው ቦርሳቸውን አምጥቶ ያንኑ ቅጽ ዘረጋላቸው፤ ዕቃዎቼን በሙሉ ተረክቤአለሁ ብለው ከሥር ሊያትሙ ነው። የቀለም ሳህኑን አቀረበላቸው። አባ በሩ ሳህኑን ገፍተው ከጠረጴዛው እስክሪብቶ አነሡ፤ ከቦርሳቸውም ውስጥ መነጽራቸውን ፈለጉ። በእጅጌያቸው ወልውለው አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

የዕቃ ክፍሉ ሰው እኔን አየኝ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። አባ በሩን ማንበብ ይችሉ እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም።

ጣታቸው አራተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ ስሕተት ነው» አሉኝ። «ጭማቂ አልነበረም።»

ነገሩ አልቋል፣ ገዳዩ ተይዟል፣ ጠርሙሱም በማስረጃነት ተመዝግቧል፣ ይኼን ቅጽ ከእንግዲህ ማንም አያየውም አልኳቸው። በር ላይ የቆመችው ልጃቸውም አባዬ ይብቃ፣ እንሂድ አለቻቸው። አባ በሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አስተካክይውና እፈርማለሁ።»

ነፃ የወጡት ሰው እየሳሉ መልሰው እስረኛ መቀመጫው ላይ ተቀመጡ። አዲስ ቅጽ አስመጣሁ፤ ራሴ ጻፍኩት። አንድ ጠርሙስ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ቦርዶ፣ ከግንቡ ጀርባ የተቀዳ፣ ተቆጣጣሪው በአደራ የሰጣቸው። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና መጀመሪያ እኔ ፈረምኩ። ከዚያ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርገው፣ እንደገና ከላይ ማንበብ ጀመሩ።